የአራተኛው ጭፍራ ጉድለት

ጥርስ ሠሪው ጡረታ ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ እጁ ግን ጡረታ አልወጣም። አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ የጥርስ ሕክምና ቤት የኋላ ክፍል ተቀምጦ፣ የሰው አፍ ልክ የወጣበትን ጀሶ ከፊቱ አድርጎ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲደረድር ኖሯል። ሰፈርተኛው "ዶክተር" ይለዋል። "ዶክተር አይደለሁም፤ ዶክተሩ ይነቅላል፣ እኔ እተካለሁ" እያለ ለዓመታት ሲያርም ቆየና በመጨረሻ ሰልችቶት ተወው።

አሁን የሚተካው ሌላ ነገር ነው። ለልጆች መጫወቻ በከረጢት የሚሸጡትን፣ አውራ ጣት የሚያህሉ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወታደሮች ይገዛል። ጠመንጃ የያዙ፣ ቦምብ የሚወረውሩ፣ በሆዳቸው የሚሳቡ አሉባቸው። እነዚህን ወስዶ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ የመቄዶንያ ጦረኞች ያደርጋቸዋል።

መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ያጥባቸዋል። ከዚያ ከራስ ቁራቸው እስከ እግራቸው ሥር አሴቶን በነካ ጥጥ ይጠርጋቸዋል፤ የፋብሪካው ቅባት ካልለቀቀ ቀለም አይዝም፣ በሳምንቱ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ቀጥሎ ጠመንጃውን በቀጭኗ መጋዝ ይቆርጣል፤ የቆረጠውን ግን አይጥልም፣ ከሥራ ቤት ባመጣት አሮጌ ቆርቆሮ ያጠራቅመዋል። ጡጫውን በጥርስ መሰርሰሪያ ይበሳና ከመጥረጊያ የነቀለውን ጭራሮ ጦር አድርጎ ይሰካበታል። ጋሻውን የሚሠራው ለሰው ሠራሽ ድድ ከሚያገለግለው ሮዝ ዱቄት ነው፤ ከፈሳሹ ጋር ሲቦካ እንደ ሊጥ፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚሆን ነው። ክንድ ማጠፍ ሲያስፈልግ ፈላ ውሃ ውስጥ ይነክርና አጥፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጨምረዋል። ፕላስቲኩ ግን እልኸኛ ነው፤ ማታ ያጎነበሰው ሰውዬ ጠዋት ቀና ብሎ ይጠብቀዋል።

ቦምብ ወርዋሪዎቹ ብቻ ሥራ አያበዙም። ክንዳቸው ከፋብሪካ ጀምሮ ለውርወራ የተዘረጋ ስለሆነ ቦምቡን ከመዳፋቸው አንስቶ አጭር ጦር ማስጨበጥ ይበቃል። ክንዳቸውን ቢላ ነክቶት አያውቅም። ጥርስ ሠሪው "ጤነኞቹ" ይላቸዋል።

ተጋጣሚው አንድ ሰው ነው፤ ሦስት መንገድ አልፎ የሚኖር፣ እንደሱ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር። መምህሩ የፋርስን ጦር ይመራል። ፈረሰኞቹ ድሮ የካውቦይ መጫወቻ ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን አስወልቆ ሻሽ አስሮላቸዋል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በመምህሩ ጓዳ፣ በሁለት ዴስክ ላይ በተጋደመ አሮጌ በር ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተነጥፎ፣ በሰማያዊ ጥብጣብ ወንዝ ተሠርቶ፣ በማስመሪያ እየለኩ፣ ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚጠራው ስልኩ ሌላ ጥርስ ሠሪውን ሰው የሚያናግረው እዚህ ጓዳ ውስጥ ነው።

"የድድ ጦር መጣ!" ይላል መምህሩ በሩን ሲከፍት። "ዛሬስ እንዳትነክሰኝ።"

"ፈረሶችህ ጥርሳቸው ሲያልቅ ወደ እኔ ነው የሚመጡት" ይላል ጥርስ ሠሪው።

ስምንት ወር የተዘጋጁበት ትልቁ የወንዝ ማዶ ጦርነት ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጥሯል። አራት ጭፍራ ያስፈልገዋል፤ ለያንዳንዱ ሠላሳ ሁለት ሰው። መምህሩ በደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ ያሰፈረው፣ ሁለቱም የፈረሙበት ሕግ አለ፦ ያልሞላ ጭፍራ ወንዝ አይሻገርም። ሦስቱ ሞልተዋል። አራተኛው አሥራ ስምንት ሰው ብቻ ነበረው።

ጥርስ ሠሪው ሁልጊዜ ከሚገዛበት መደብር ሄደ። አዲሱን ከረጢት ከፍቶ አንዱን ከኪሱ ካመጣው ሰው ጋር አቆመው። በአንድ ራስ ይበልጣል።

"ሌላ የለሽም? ያ የድሮው ልክ?"

"የሚመጣው ይኼው ነው ጋሼ" አለች ባለ መደብሯ። "ሰው ሁሉ አድጓል፣ እነሱ ለምን ይቅሩ?"

እሱ ግን አልሳቀም። በአንድ ሰልፍ ውስጥ ግማሹ ድንክ፣ ግማሹ ግዙፍ ሊሆን አይችልም፤ አንድ ጥርስ ከሌሎቹ ረዝሞ እንደ ወጣ ማለት ነው። እቤቱ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ቁም ሣጥኑ ላይ ካለው የጫማ ሣጥን ላይ ያረፈው ያን ጊዜ ነው።

የልጁ ነው። ሚጢ ነበር የሚሏት፤ አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው፣ የስድስት ሰዓት አውቶቡስ መንገድ ርቃ በሌላ ከተማ ነርስ ሆና ትሠራለች። ሣጥኑን ከአራት ዓመት በፊት የሞተችው እናቷ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ጥርስ ሠሪው ክዳኑን ከፈተ። አሥራ አራት ወታደር። ልኩ አንድ ነው፣ ፕላስቲኩም ከዛሬው ይጠነክራል። የጎደለው ቁጥር ልክ አሥራ አራት መሆኑ እንደ ምርቃት ታየው።

"አርባ ዓመት ያለፋት ሴት መጫወቻ ትጠይቃለች?" አለ ጮክ ብሎ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው።

እንደ ልማዱ አጠባቸው፤ አሥራ ሦስቱን በአሴቶን ጠረጋቸው። ከእግራቸው ሥር ቀይ ነገር ስላለ ጥጡ ቀላ፤ የሱቅ ምልክት መስሎት አሽቶ አስለቀቀው። ዘጠኙን ጠመንጃቸውን ቆርጦ ጦርና ጋሻ አስያዛቸው፣ ቀባቸው። አራቱ ጤነኞች ነበሩ፤ ከአንዱ ትከሻ ላይ ግን የደረቀ ሮዝ ጉብታ አየ። "እያንጠባጠብኩ ነው ማለት ነው፤ እጄም አረጀ" ብሎ በሞረድ አስተካከለው። ከመታጠብ በቀር ያልተነካ አንዱ ብቻ ቀረ፦ በርከክ ብሎ የመገናኛ ሬዲዮ ጆሮው ላይ የያዘ። እሱን መለከት ነፊ አደርገዋለሁ ብሎ ለነገ አቆየው።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ስልኩ አራት ሰዓት ላይ ጠራ፤ እሑድ አራት ሰዓት የሚጠራው የሚጢ ነው።

"አባዬ፣ እንዴት ነህ? በላህ?"

"በላሁ። አንቺስ?"

"እኔማ ደህና ነኝ። ስማኝ፣ አርብ እመጣለሁ። አድሬ ሳይሆን ደርሶ መልስ።"

ከመጣች አሥራ አንድ ወር ሆኗታል። ጥርስ ሠሪው ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። "ምን ተገኘ?"

"ክትባት ክፍል መደቡኝ። ልጆቹ ገና በሩን ሲያዩት ነው ጩኸታቸውን የሚለቁት። እኔም ወታደሮቼ ትዝ አሉኝ። ቁም ሣጥኑ ላይ አሉ አይደል?"

"የትኞቹ ወታደሮች?" አለ፤ እያወቀ።

"አባዬ ደግሞ! የመርፌዎቹ ናቸዋ። ውሻው የነከሰኝ ጊዜ፣ አሥራ አራት ቀን እምብርቴ ዙሪያ የተወጋሁት። እማዬ ከየመርፌው በኋላ አንድ አንድ ወታደር ትሰጠኝ አልነበር? ከእግራቸው ሥር በጥፍር ቀለሟ ቁጥር አለባቸው እኮ፤ የስንተኛው መርፌ እንደሆነ። የራሷ የእማዬ ጽሕፈት። መስኮቱ ላይ ደርድሬ 'ይኼን ሁሉ ተወግቼ ይኸው ቆሜ አለሁ' እላቸዋለሁ።"

ጥርስ ሠሪው ጠረጴዛው ላይ የቆሙትን አሥራ ሦስት ባለ ጦሮች አየ። ቀለማቸው ገና አልደረቀም።

"አሉ" አለ።

"አንድም አልጠፋም?"

"አንድም አልጠፋም።" ይኼኛው እንኳ እውነት ነበር።

ስልኩን እንደዘጋ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ የመጨረሻውን፣ ያልተነካውን ባለ ሬዲዮ ገለበጠው። ከእግሩ ሥር በቀይ የጥፍር ቀለም፣ በቀጭን ብሩሽ፣ 11 ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱ ጭረቶች ከላይ በኩል ትንሽ ጎንበስ ይላሉ። ጥርስ ሠሪው ያን ጎንበስታ ያውቀዋል። ሚስቱ በሕይወት ዘመኗ አንድ ቁጥርን እንደዚያ ነው የጻፈችው። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ቀይ የነካውን ጥጥ አወጣ፤ እንደገና መለሰው።

ደውሎ ሊነግራት ይችል ነበር። ግን እሱ ደውሎላት አያውቅም፤ ሁልጊዜ የምትደውለው እሷ ናት። ደግሞ ከነገራት ለምን ትመጣለች? ልትወስደው የምትመጣው ነገር ከሌለ አውቶቡስ ላይ የሚያስወጣት ምን አለ? ይህን አስቦ ቆርቆሮዋን ከፈተ።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሠራ። ጦሩን ነቀለ፣ ጋሻውን አላቀቀ፣ ቀለሙን በአሴቶን አጠበ። ቆርቆሮው ውስጥ ከመቶ በላይ የተቆረጠ ጠመንጃ ነበር። እያንዳንዱን እያነሳ ከየወታደሩ እጅ ጋር አገጣጠመ፤ የተሰበረ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይዘው ሲመጡ እንደሚያደርገው። ስብራት ወንድሙን ያውቃል፤ ልኩ ሲገኝ ድምፅ እንኳ አለው። ዘጠኙንም አገኛቸው። በቀጭን ሽቦ ሰካ፣ አጣበቀ፣ መጋጠሚያውን በአረንጓዴ ቀለም ሸፈነ። በዚያው ብሩሽ የወርዋሪው ትከሻ ላይ የቀረችውን ሮዝ ነገርም ሸፈናት። ቦምቦቹንም መለሰ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ብርሃን ሲያያቸው እሱ ራሱ የተቆረጠበትን መለየት አቃተው። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ቁጥሩ ቀረ። ሐሙስ ሱቅ ገብቶ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠየቀ።

"ለማን ነው ጋሼ?" አለች ልጅቷ ከባንኮኒው ኋላ። "ሙሽራ አገቡ እንዴ?"

"ለወታደሮች ነው።"

"ይሁን እንግዲህ፣ ዘመኑ ነው" አለችና ለጓደኛዋ ጠቀሰቻት። በሩን ሲወጣ ሁለቱም ሲስቁ ሰማቸው።

ከስልኩ ሥር የሚስቱ የስልክ ቁጥር ማስታወሻ ነበር። ከዚያ ላይ አኃዞቿን አጠና፤ አራቷ ከላይ ክፍት ነበረች፣ ሰባቷ ወገቧ ላይ መቀነት አላት፣ ስድስቷ ሆዷ ትንሽ ነው። ከጥርስ ሥራው ብሩሾች በጣም ቀጭኑን መርጦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ከአንድ እስከ አሥራ አራት ጻፈ፤ አሥራ አንድን ዘሎ። የቱ የስንተኛው መርፌ እንደነበረ ስለማያውቅ እንደ መጣለት አደላቸው። ማን ያስታውሳል? ስትወጋ ስምንት ዓመቷ ነበር።

አርብ ቀትር ላይ ብርቱካን በፌስታል ይዛ መጣች። ከበሩ ገና ሳትዘልቅ መደርደሪያው ላይ የቆመውን ሦስት ጭፍራ አይታ ሳቀች።

"አባዬ! ጠመንጃቸውን ቀምተህ ጦር ሰጠሃቸው? ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ የምትወስዳቸው?"

"ወደ ኋላ ነው። ወደ ፊቱንማ አላውቀውም።"

"የጋሻቸውን ቀለም ማን መረጠልህ? ድድ እኮ ነው የሚመስሉት።"

"ድድ ነዋ።"

እሷ ስትስቅ እሱም ሳቀ። ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችው። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ሲበላ የሚሰማው ድምፅ ጆሮው ላይ እንግዳ ነበር። ለክትባት ስለሚመጡ እናቶች፣ ደሞዝ ስላልጨመረላት አለቃዋ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራችለት። እሱም ስለ መምህሩና ስለ ነገው ወንዝ ነገራት። ሣጥኑን ባትጠይቅ ደስ ባለው ነበር።

"በል አምጣቸው እስቲ" አለች እጇን እየጠረገች።

ሣጥኑን አምጥቶ ከፊቷ አስቀመጠው። አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ አቆመቻቸው። "ወይኔ፣ አንተን" ትላለች አንዱን፤ "አንተማ አስለቅሰኸኛል" ትላለች ሌላውን። አራቱን ወርዋሪዎች ለብቻቸው ለየቻቸው። አንዱን አነሳችና ትከሻውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ አስቀመጠችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ምን እንደምትፈልግ አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቃትም። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ሄደ።

ገለበጠቻቸው። አየች። አንዱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

"አባዬ፣ ይኼን ስድስት ማን ጻፈው?"

"እናትሽ ናታ።"

"እማዬ ስድስት አልጻፈችም።"

ጥርስ ሠሪው የብርቱካኑን ልጣጭ መሰብሰብ ጀመረ።

"ስድስተኛው ቀን እማዬ ትኩሳት ይዟት ተኝታ ነበር" አለች። "አንተ ነህ የወሰድከኝ። ወታደሩንም የሰጠኸኝ አንተ ነህ። በማግሥቱ ቁጥር ልትጽፍበት ስትል እምቢ አልኳት፤ 'ይኼ የአባዬ ነው፣ አይጻፍበትም' ብዬ። ቁጥር የሌለው እሱ ብቻ ነው። ስድስተኛው ወርዋሪ ነበር።"

"እኔ?" አለ። "እኔ ወስጄሻለሁ?"

"ትዝ አይልህም?"

የዚያ ዘመን ጠዋቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ጀሶ፣ ሰም፣ የአልኮል መብራት፣ የኋላ ክፍል። ልጁ በዚያ ውስጥ የለችም። "ቆረጥኳቸው" አለ በመጨረሻ። "ሰው ጎድሎኝ ነበር፤ ቆረጥኳቸው። ቁጥሩን ሳላየው በአሴቶን ጠረግኩት። ከዚያ አንቺ ደወልሽ።"

ሚጢ አንዱን ባለ ጠመንጃ አንስታ መጋጠሚያውን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። "ይኼን አላወቅኩትም ነበር" አለች። "እጅህ እኮ ጥሩ ነው። ብትቆርጣቸው፣ ብትጠርጋቸው... ሰው ይሳሳታል። ግን እማዬን አስመስለህ ጻፍክ። ቁጭ ብለህ፣ ሰባቷን ሳይቀር መቀነት አስረህ።"

"አትመጪም ብዬ ነው።"

"እመጣ ነበር። ተቆጥቼም ቢሆን እመጣ ነበር።"

አሥራ አንድ የተጻፈበትን ባለ ሬዲዮ በመሐረቧ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠች። የቀሩትን ወደ እሱ ገፋ አደረገቻቸው። "ለጦርነትህ አድርጋቸው፤ ሰው ጎድሎሃል አይደል?" አለች፤ ስታሾፍበት አልነበረም፣ ድካም ነበር ድምፅዋ ላይ። የዘጠኝ ሰዓቱን አውቶቡስ ለመያዝ ወጣች። በሩ ላይ ጉንጩን ሳመችው። ሌላ ጊዜ ስትሄድ "እሑድ እደውላለሁ" ትል ነበር፤ ዛሬ "ደህና ሁን አባዬ" ብቻ አለች።

ጥርስ ሠሪው ብዙ ሳይቆይ ጥጥና አሴቶን አነሳ። ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ የጻፋቸውን ቁጥሮች አጠፋ፤ አሥራ ሦስቱንም። ቀዩ ትኩስ ስለነበር በቀላሉ ለቀቀ። ወደ ወርዋሪዎቹ ሲደርስ እሷ ስትዳስሰው የነበረውን ትከሻ አስታወሰ። የአንዱን ጠረገ፤ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው። የሁለተኛውንም እንደዚያው። የሦስተኛው ትከሻ ላይ ግን የራሱ አረንጓዴ ቀለም ጥጡ ላይ ወጣና ከሥሩ ሮዝ መስመር ታየ።

ማጉያውን አደረገ። ጠብታ አይደለም። ብብቱን ዞሮ በጀርባው በኩል የሚወጣ መጋጠሚያ ነው፤ ወፍራሙ፣ ድሮ የሚሠራበት የጥርስ ሽቦ ጫፍ ከመሃሉ ብልጭ ይላል። ክንዱ ተሰብሮ ነበር፤ አንድ ሰው በሮዙ የድድ ዱቄት ጠግኖታል። እሱ የጤነኞችን ክንድ ቆርጦ አያውቅም። በዚያ ሽቦ መሥራት ከተወም ሃያ ዓመት ይሆነዋል። መጋጠሚያውን ደጋግሞ አየው። አለቃው ፊት ሊያቀርበው የማያፍርበት ሥራ ነበር፤ በእርግጥም የራሱ እጅ ነው። መቼ እንደሠራው፣ የት ሆኖ፣ ማን አጠገቡ ቆሞ፣ ምንም አይታየውም። ጉብታውን በሞረድ የበላው ያለፈው ሳምንት መሆኑ ግን ቁልጭ ብሎ ይታየው ነበር።

ቅዳሜ መምህሩ በሩን ከፍቶ ሣጥኖቹን ቆጠረ።

"የድድ ጦር... አራተኛው የት አለ?"

"አሥራ ስምንት ነው።"

"ባለፈው ሳምንት ሞላልኝ ብለኸኝ አልነበር?"

"ጎደለ።"

መምህሩ ፊቱን አየው። አብረው ስለተጫወቱ እንጂ አብረው ስላወሩ አይደለም የሚተዋወቁት፤ ምን እንደሚጠየቅ አላወቀም። "ሳምንት ብናደርገውስ? ፋርሶች የትም አይሄዱ" አለ።

"አይሆንም። ሕጉ ሕግ ነው፤ ፈርሜበታለሁ።"

ተዋጉ። ሦስቱ ጭፍሮች ሰማያዊውን ጥብጣብ ተሻገሩ፤ አራተኛው ግን ሕጉ እንደሚለው ከወዲህ ማዶ ቆሞ ቀረ። ሻሽ ያሰሩት ካውቦዮች በዚያ ክፍተት ገብተው አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጦሩን ከኋላ ከበቡት። ስምንት ወር የተጠበቀው ጦርነት ከምሳ እስከ ሻይ ባለው ጊዜ አለቀ። መምህሩ አሸንፎ ደስ ያላለው ያን ቀን ብቻ ነው። በር ድረስ ሸኝቶት "ሐኪም፣ አሞሃል እንዴ?" አለው። "ሐኪም አይደለሁም" አለ ጥርስ ሠሪው፤ ሣጥኖቹን ደርቦ ይዞ ሄደ።

እሑድ አራት ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጠራም። አራት ተኩል ሆነ። ጥርስ ሠሪው መስመሩ ይሠራ እንደሆነ አንስቶ አዳመጠ፤ ይሠራል። መልሶ አስቀመጠው። ወርዋሪው ከስልኩ አጠገብ ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ቆሟል። አምስት ሰዓት አለፈ፣ ስድስት ሆነ። የሚስቱን ማስታወሻ ገለጠ። የልጁን ቁጥር በቃሉ አያውቀውም፤ የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረም። ሆዷ ትንሽ በሆነችው ስድስትና መቀነት ባሰረችው ሰባት ላይ ጣቱን እያስኬደ፣ አኃዝ በአኃዝ፣ ደወለ።

ብዙ ጠራ።

"አባዬ?" አለች ሚጢ። ድምፅዋ ደነገጠ። "ምነው? አመመህ? ወደቅህ እንዴ?"

"ደህና ነኝ። ምንም አልሆንኩም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ደወልክ?"

"ትከሻው ተጠግኗል" አለ። "የወርዋሪው። ሮዝ ነው። እኔ ነኝ ቀለም ቀብቼ የሸፈንኩት፤ ለዚህ ነው አርብ ያላገኘሽው።"

ከወዲያ በኩል ውሃ ይፈስ ነበር፤ ቧንቧው ተዘጋ።

"ሞርደኸዋል?" አለች በኋላ።

"ትንሽ። ጉብታውን። የቀረው አለ።" "ያን ቀን ምን እንደሆነ ንገሪኝ እስቲ።"

"አሁን?"

"ሥራ ካልያዝሽ።"

ወንበር ስትስብ ሰማ። "ዝናብ ነበር" አለች። "ከመርፌው ስንወጣ ከመዳፌ አምልጦኝ መንገዱ ላይ ወደቀ፤ ብስክሌት ሄደበት። ለመርፌው ያላለቀስኩትን ለሱ አለቀስኩ። አንተ ሥራ ረፍዶብህ ነበር፤ ይዘኸኝ ወደ ሥራ ቤት ሄድክ። ረጅሙ ወንበር ላይ አስቀመጥከኝ። ጀሶ ጥርሶች በመደርደሪያው ሙሉ ነበሩ፤ ፈራኋቸው። 'እነሱ አይናከሱም፣ ባለቤቶቻቸውን ነው የሚጠብቁት' አልከኝ።" ትንሽ ሳቀች። "ትዝ አለህ?"

ጥርስ ሠሪው ወርዋሪውን አንስቶ መዳፉ ላይ አድርጎት ነበር። ረጅሙን ወንበር ያውቀዋል፤ መደርደሪያውንም ያውቀዋል። ወንበሩ ላይ ሊያስቀምጣት ሞከረ፤ ባዶ ነበር። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ ባንድ ቃል ያልቃል፣ እሷም ደስ ይላታል።

"አላለኝም" አለ። "ቀጥዪ።"